የጦርነት ፊልም ነው፣ ጦርነቱ ግን የለበትም፦ ስለ ባግዳዱ ቤተሰብ እንጫወት

የማታ ተመልካች | ቅዳሜ ማታ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አንድ ዶክመንተሪ ጨርሻለሁ። ለማን ላውራው ብዬ እዚህ መጣሁ። የቤት ሰዎችን አሰልችቻቸዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለኝማ።

ፊልሙ «ሆምላንድ፦ ኢራቅ ዓመተ ዜሮ» ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሠራው አባስ ፋዴል ነው፤ ኢራቅ ተወልዶ በ18 ዓመቱ ፈረንሳይ የሄደ ሰው። ርዝመቱ 334 ደቂቃ ነው። አዎ፣ 5 ሰዓት ከ34 ደቂቃ። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከጦርነቱ በፊት (እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የአሜሪካ ወረራ)፣ አንዱ ባግዳድ ከወደቀች በኋላ።

ታሪኩን ንገረን ብትሉኝ ብዙ የምነግራችሁ የለም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2002 ካሜራ ይዞ የገዛ ዘመዶቹ ቤት ገባ፣ በቃ። አሜሪካ መጣች፣ አልመጣች እየተባለ ነው። ቤተሰቡ ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ምግብ ያከማቻል። ቦምብ ሲወድቅ መስታወቱ እንዳይበተን መስኮቱ ላይ ቴፕ ይለጥፋል። ልጆቹ ያጠናሉ፣ ካርቱን ያያሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ስለ ሳዳም ይዘፍናል፣ ይዘፍናል፣ አያባራም።

የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ ጦርነቱ የለም! አንደኛው ክፍል ሲያልቅ ሊጀመር ነው። ሁለተኛው ሲከፈት አልቋል። ያኔ ሁላችንም ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን ያየነውን፣ ሌሊት ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ የሚበራውን ነገር ዘሎታል።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ። ከቤቱ ልጆች አንዱ 12 ዓመቱ ነው። ተናጋሪ ነው። ካሜራውን እንደ ጓደኛው ነው የሚያየው። ገና አንደኛው ክፍል ላይ፣ ልጁን መውደድ በጀመርንበት ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣል። ይሄ ልጅ ከወረራው በኋላ ይገደላል ይላል። ከዚያ ፊልሙ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ይቀጥላል። ገና ሰዓታት ይቀራሉ!

ይሄ ተገቢ ነው? ሳየው ተናድጄ ነበር። አሁን አላውቅም። (ፊልሙን አበላሸህብን እንዳትሉኝ፤ ራሱ ዳይሬክተሩ ነው የተናገረው።)

ሰብታይትል ጠላ | ቅዳሜ ማታ 4:31

5 ሰዓት ከ34?! ወንድሜ በዚህ ሰዓት እኔ ሦስት ፊልም አይቼ፣ እራቴን በልቼ፣ አንድ እንቅልፍ ተኝቼ እነሳለሁ። አንድ ሰው ቤተሰቡን ስለቀረጸ እኛ ምን በደልን?

አንድ ጥያቄ ግን። ጉድጓዱ ውሃ አወጣ?

የማታ ተመልካች | ቅዳሜ ማታ 4:33

አልነግርህም። እይ።

ወለላ | ቅዳሜ ማታ 5:02

አይቼዋለሁ፣ ባለፈው ዓመት። እኔ ጽሑፉን እደግፋለሁ።

የሞተባችሁን ሰው ፎቶ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? ልደት ላይ ኬክ እየቆረሰ ይስቃል። እሱ አያውቅም፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ፎቶውን የምታዩት በሁለት ዓይን ነው። ዳይሬክተሩ ቀረጻውን ሠርቶ ልጁ ሲገደል ዘግቶ አስቀመጠው። ወደ አሥር ዓመት ያህል ሊያየው አልቻለም። በኋላ ቁጭ ብሎ ሲያቀናብረው እያንዳንዷን የልጁን ሳቅ የሚያያት መጨረሻውን እያወቀ ነው። እኛን ከሱ ጎን አስቀመጠን፣ ሌላ ምንም አላደረገም። ዝም ብሎ ቢቀጥልና መጨረሻ ላይ ድንገት «ሞተ» ቢለን ኖሮ እሱ ነበር ተንኮል። የልጁን ሞት ለድንጋጤ መጠቀም ይሆን ነበር።

መርዶ በጊዜው ነው የሚያምረው፣ አይደል? ቀድሞ አረዳን።

የማታ ተመልካች | ቅዳሜ ማታ 5:10

«አረዳን» ያልሽው ቃል ገባኝ። ግን እህቴ፣ መርዶ የሚነገረው እኮ ለዘመድ ነው። እኔ ልጁን ካወቅኩት ገና አንድ ሰዓቴ ነበር።

ወለላ | ቅዳሜ ማታ 5:12

አሁንስ?

የማታ ተመልካች | ቅዳሜ ማታ 5:20

አሁን ዘመዴ ነው። እሺ፣ አንድ ለዜሮ።

ጋሽ አንባቢ | እሑድ ጠዋት 1:45

እናንተ ወጣቶች በሌሊት ነው የምትጽፉት። እኔ ጠዋት ስነሳ አነበብኩት።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። «ከጦርነቱ በፊት» ትላለህ። የቱ ጦርነት? ያ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1988 ከኢራን ጋር የተደረገውን ጦርነት አይቷል፣ ስምንት ዓመት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሳዳም ኩዌት ገባ። በነሐሴ 1990 የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ጣለ። በ1991 መጀመሪያ ቦምቡ ወረደ። ማዕቀቡ ግን ከቦምቡ ጋር አላበቃም፤ የተነሣው በግንቦት 2003 ነው። ወደ 13 ዓመት ማለት ነው። በ2003 የ12 ዓመት ልጅ ከሆነ፣ ማዕቀቡ ሲጀመር ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ጡት ይጠባ ነበር። ሌላ ዓለም አያውቅም። በነዳጅ የታወቀች አገር ውስጥ ተወልዶ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ስኳርና ሻይ በራሽን ካርድ ሲመጣ ነው ያየው።

ስለዚህ ጉድጓድ ሲቆፍሩና ቴፕ ሲለጥፉ እጃቸው የማይንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ለምደውታል። ሙያ ሆኗል። መስኮት የሚለጥፈውን ሰው እጅ ብቻ እዩት።

ሌላም አለ። በየካቲት 1991 ባግዳድ ውስጥ አሚሪያ የሚባል ሰፈር፣ ሰላማዊ ሰዎች የተጠለሉበት መጠለያ በአሜሪካ ቦምብ ተመትቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት። ከዚያ ወዲያ «መጠለያ ግቡ» ቢባል ማን ይገባል? ሰው ጉድጓዱንም ቴፑንም ይዞ ቤቱ መቀመጥን የመረጠው ወዶ አይመስለኝም።

የማታ ተመልካች | እሑድ ጠዋት 2:30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፊልሙን ሳይ «እንዴት እንዲህ ይረጋጋሉ?» እያልኩ ነበር። ያንን እርጋታ ሰላም አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ካላየሁ አላምንም | እሑድ ጠዋት 4:05

እኔ አይቼዋለሁ፣ እንደናንተ ግን አልወደድኩትም። ማንም የማይናገረውን ልናገር።

አንደኛው ክፍል ላይ ስንት ሰው ነው ስለ ሳዳም ክፉ የሚናገረው? ማንም። የሚበላ ቤተሰብ፣ የሚስቁ ልጆች፣ የሠለጠነ ሰፈር። ከዚያ አሜሪካ መጣች፣ ሁሉም ፈረሰ። እንዲህ ተደርጎ ሲቀርብ ሰው ምን ብሎ ይነሣል? «የድሮው ይሻል ነበር» ይላል። ሐላብጃስ? በመጋቢት 1988 በአንድ ቀን ወደ 5,000 ኩርዶች በመርዝ ጋዝ አልቀዋል። በ1991 ደቡቡ ሲያምጽ የተጨፈጨፈውስ? ዳይሬክተሩ ራሱ የባቢሎን አካባቢ ልጅ ነው። እዚያው ሂላ ከተማ አጠገብ፣ አል ማሐዊል፣ በግንቦት 2003 መሬቱ ሲቆፈር ከ2,000 በላይ ሬሳ ወጥቷል። ሰው በእጁ እየቆፈረ የልጁን አጥንት በላስቲክ ይሰበስብ ነበር። የዚያ የአንደኛው ክፍል «መልካም ሕይወት» ሥር ያለው ይሄ ነው።

ወረራው ልክ ነበር እያልኩ አይደለም። እንዳትጮሁብኝ። ግማሽ ፎቶ ነው እያልኩ ነው።

ሚሚ | እሑድ 5:15

ኧረ ማን ይጮህብሃል፣ ደህና ነገር ነው ያነሣኸው።

ጋሽ አንባቢ | እሑድ 6:20

ልክ ነህ ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ሆኗል። ነገር ግን በጥቅምት 2002 ሳዳም ሕዝበ ውሳኔ አደረገ። ውጤቱ ምን ነበር? 100 በመቶ ድጋፍ። 99 እንኳ አይደለም። አንድ ሰው «አይ» አላለም ተባለ። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ሳሎንህ ገብቶ «ስለ ፕሬዚዳንቱ ምን ታስባለህ?» ቢልህ ምን ትመልሳለህ? ሆድ ይፍጀው ትላለህ እንጂ! ዘመድህም ቢሆን። ካሴቱ ኬላ ላይ ቢያዝስ?

የማታ ተመልካች | እሑድ 6:41

እኔም እዚሁ ላይ ነኝ። አንደኛው ክፍል ላይ ሰው ሁሉ ስለ ምግብ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ሠርግ ነው የሚያወራው። ቴሌቪዥኑ ብቻ ስለ ሳዳም። ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ አፍ ሁሉ ይከፈታል። መንገድ ላይ ሰው ካሜራውን ሲያይ እየሮጠ ይመጣል፤ ይሄን ቅረጽ፣ እኔን ስማኝ፣ ቤቴን እይልኝ። ያ ትንሹ ልጅ ሳይቀር ስለ ሳዳም እንደልቡ ያወራል። ያኔ ወደኋላ ተመልሼ የአንደኛውን ክፍል ዝምታ ሰማሁት።

ካላየሁ አላምንም | እሑድ 7:00

ይሄን እቀበላለሁ። ግማሹን።

ዝምታውን ለማስተዋል ግን ሁለተኛውን ክፍል ማየት አለብህ። አንደኛውን ብቻ አይቶ የሚተወው ሰውስ?

ሰብታይትል ጠላ | እሑድ 7:04

የኔ ነገር ነው የተነሣው መሰለኝ።

የሠርግ ካሜራማን | እሑድ 9:30

ስለ ርዝመቱ እኔ ልናገር። ሥራዬ ነው።

ሠርግ እቀርጻለሁ፣ 14 ዓመቴ። ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱ ይደርቃል። ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ፀጉሩን ይነካል፣ ካሜራ የለመደ መስሎ ይራመዳል። ይሄ እስኪያልፍ መታገሥ አለብህ። እኛ ትዕግሥት የለንም፤ ሦስት ሰዓት ቀርጸን የአርባ ደቂቃ ዲቪዲ እንሰጣለን። ፋዴል ግን ብቻውን ነው። ድምፅ የሚይዝለት የለ፣ መብራት የሚያበራለት የለ። ቀረጻውም ቅንብሩም የራሱ ነው። ወር ሲሞላ ቤተሰቡ ካሜራውን እንደ ወንበር ነው የሚቆጥረው። ያን ማግኘት በገንዘብ አይቻልም።

አንድ የራሴን ልንገራችሁ፣ እያፈርኩ። አንድ ሠርግ ቀረጽኩ። በዓመቱ የሙሽራዋ አባት አረፉ። ቤተሰቡ ደወለልኝ። ዲቪዲው አለን፣ እሱን አይደለም የምንፈልገው አሉኝ። «የቆረጥከውን ስጠን» አሉኝ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው የሚያዩበት፣ ጫማቸውን የሚያስተካክሉበት፣ ከሰው ጋር የሚያወሩበት፣ ለዲቪዲ የማይሆን የተባለው ሁሉ። አባታቸው ያለው እዚያ ነዋ። ዲቪዲው ላይ ያሉት እጅ የሚነሡ ባለ ሱፍ ሽማግሌ ናቸው።

ሚሞሪ ካርዱን ፎርማት አድርጌው ነበር። ሌላ ሠርግ ቀርጬበታለሁ።

ስለዚህ 5 ሰዓት ተኩል በዛ ስትሉኝ እኔ ስንቱን ቆርጦ ጣለ ብዬ ነው የማስበው። ሰውየው ከመቶ ሰዓት በላይ ቀረጻ ነበረው።

ወለላ | እሑድ 9:44

እግዜር ይይልህ። አሁን ምን ልመልስ።

የማታ ተመልካች | እሑድ 9:50

ካሜራማን ወንድሜ፣ አንተ ሁለተኛው ክፍል ላይ ያለውን የፊልም ማከማቻ ነገር ስታይ ምን ትል ይሆን! ሳሚ ቀፍጣን የሚባል የታወቀ የኢራቅ ተዋናይ ዳይሬክተሩን ወደ ፍርስራሹ ይወስደዋል። ሰውየው ዕድሜውን የሠራበት ቦታ ነው። የፊልም ጥቅልል ተቃጥሎ፣ ተጠባብሶ ተከምሯል። የአንድ አገር ፊልም! ተዋናዩ በእግሩ እየገፋ ያየዋል። ምንም ሙዚቃ የለም።

የሠርግ ካሜራማን | እሑድ 9:58

አይቼዋለሁ። እዚያ ላይ አቁሜው ውጭ ወጣሁ። ስለ ልጁ አላለቀስኩም፣ ውሸት አልናገርም፤ እዚያ ላይ ነው የፈሰሰልኝ። ሰው ይታዘበኝ።

ጋሽ አንባቢ | እሑድ 11:15

ባግዳድ የወደቀችው ሚያዝያ 9 ቀን 2003 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1995። በዚያው ሳምንት ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ፣ ወደ 15,000 ዕቃ ጠፋ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ተቃጠለ። በነገራችን ላይ ነዳጅ ሚኒስቴር ላይ ግን የአሜሪካ ወታደር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ባግዳዶች ይህን ረስተውት አያውቁም።

ሥርዓት አልበኝነቱ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሳዳም ራሱ በጥቅምት 2002 ምሕረት ብሎ እስር ቤቶቹን ከፈተ። የፖለቲካ እስረኛው ከሌባውና ከነፍሰ ገዳዩ ጋር አብሮ ወጣ። ሁለተኛ፣ በግንቦት 2003 ፖል ብሬመር የሚባለው የአሜሪካ አስተዳዳሪ በአንድ ወረቀት የኢራቅን ጦር በተነ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር፣ መሣሪያ መያዝ የሚያውቅ ወንድ ያለ ደመወዝ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ የሚተኩሰው ማን እንደሆነ ማን ይለየዋል? ያ ልጅ የተገደለው እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ነው።

ሚሚ | እሑድ ማታ 1:20

እኔ ሌላ ነገር ላንሣ፣ ማንም አላነሣውም። (ወንዶች ናችሁ መሰለኝ የበዛችሁት።)

ሴቶቹ የት ሄዱ?

አንደኛው ክፍል ላይ ቤቱ የሴቶች ነው። እናቶች፣ አክስቶች፣ ልጃገረዶች። ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ይወጣሉ ይገባሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሴቶች አሉ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ካሜራው መኪና ውስጥ ነው። ሹፌር ወንድ፣ ፊት ወንበር ወንድ፣ ኋላ ያ ትንሽ ልጅ። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ወንድ፣ ገበያው ላይ ወንድ፣ ፍርስራሹ ላይ ወንድ። ሴቶቹን የምናገኛቸው ወደ ቤት ስንመለስ ነው፣ አለዚያም ክፍል ሲሄዱ ወንዶቹ በመኪና ሲያደርሷቸው።

ዳይሬክተሩን እየከሰስኩ አይደለም። የሆነው እሱ ነዋ። ያኔ ባግዳድ ውስጥ ሴት ልጅ ከመንገድ እየተጠለፈች ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች የሚባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በዚያው በሐምሌ 2003 ስለ ጠለፋና መደፈር ሪፖርት አውጥቷል፤ ሴቶች ከፍርሃት የተነሣ ሥራም ትምህርትም እየቀሩ ነው ብሎ። ስለዚህ ለኔ የፊልሙ «በኋላ» የተቃጠለው ሕንፃ አይደለም። ያቺ አንደኛው ክፍል ላይ እያወራች የምትወጣ ልጅ፣ ሁለተኛው ላይ መኪና እስኪመጣላት በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው ናት። ማንም አልሞተባትም፣ ቤቷ አልፈረሰም። ዜና ላይ አትገባም።

ካላየሁ አላምንም | እሑድ ማታ 1:41

ሚሚ፣ ይሄን ጨርሶ አላስተዋልኩትም። ድጋሚ አያለሁ። (አዎ፣ ድጋሚ። 334 ደቂቃ። ሰብታይትል ጠላ እንዳይሰማኝ።)

ሰብታይትል ጠላ | እሑድ ማታ 1:43

ሰምቻለሁ።

ለመሆኑ «ዓመተ ዜሮ» ምን ማለት ነው?

የሠርግ ካሜራማን | እሑድ ማታ 2:05

ሮቤርቶ ሮሴሊኒ እ.ኤ.አ. በ1948 «ጀርመን ዓመተ ዜሮ» የሚል ፊልም ሠርቷል። በፈረሰችው በርሊን ውስጥ ስለሚንከራተት አንድ ትንሽ ልጅ ነው። መጨረሻው ደግ አይደለም። ያንን ፊልም የሚያውቅ ሰው የዚህን ርዕስ ሲሰማ አንድ ልጅ እንዳለ ይገባዋል። ርዕሱ ራሱ ግማሽ መርዶ ነው እላለሁ።

ወለላ | ሰኞ ማታ 3:15

ተመልሻለሁ። ትንሽ ልጽፍ ነው፣ ታገሡኝ።

እናንተ ስታነሡት ድጋሚ ላየው አማረኝና ትናንት ከሰዓት ከእናቴ ጋር ተቀመጥኩ። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። እኔ እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ። በጣም ወደደችው! ምግብ ሲያከማቹ ስታይ «ስንት ነፍስ ናቸው?» አለችኝ። ልጆቹን በጣቷ ቆጠረች። «አይበቃቸውም» አለች። መስኮቱን ሲለጥፉ «ከላይም ይለጥፉት እንጂ» ትላለች። ያን ልጅ «አፉ አያርፍም» እያለች ትስቅበታለች።

ከዚያ ጽሑፉ መጣ።

ያን ሁሉ ተከራክሬላችሁ አልነበር? መርዶ በጊዜው፣ ከሱ ጎን አስቀመጠን፣ ምናምን። አንብቤ መተርጎም ነበረብኝ። እናቴ ዞር ብላ «ምን ይላል?» አለችኝ። «ቀን ነው፣ ቀኑን ነው የጻፈው» አልኳት።

ቀጠልን። እሷ ትስቃለች፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንደኛው ክፍል አለቀ። ዛሬ ማታ ሁለተኛውን አየን። መጨረሻው ላይ ያለውን ጽሑፍ መዝለል አልቻልኩም። ነገርኳት።

በጣም ታዝናለች ብዬ ነበር። ዝም አለች። ቆይታ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ። ትናንት፣ መጀመሪያውኑ ጽፎት ነበር አልኳት።

«አንቺ እያወቅሽ ነው አብረሽኝ ስትስቂ የነበረው?»

ተነሥታ ሄደች። እስካሁን አላናገረችኝም።

የማታ ተመልካች | ሰኞ ማታ 3:22

ወይኔ ወለላ።

ሚሚ | ሰኞ ማታ 3:25

አታናግርሽም የኔ እናት ብትሆን። ለአንድ ሳምንት።

ጋሽ አንባቢ | ማክሰኞ ጠዋት 1:30

ልጄ፣ እናትሽን ጠዋት ሂጂና ቡና አፍዪላት። ስለ ፊልሙ አታንሺ፣ ራሳቸው ያነሡታል።

ወለላ | ማክሰኞ 6:10

አነሣችው ጋሼ። ልክ ነበሩ። «ያ ጽሑፍ የመጣበትን ቦታ መልሺልኝ» አለችኝ። መለስኩላት። አሁን በትክክል ተረጎምኩት። ከዚያ «ቀጥዪ» አለችኝ። ያንኑ ያየነውን ሁሉ እንደገና እያየን ነው። አሁንም ትስቅበታለች። እጄን ይዛኛለች።

ሰብታይትል ጠላ | ዓርብ ማታ 5:50

እሺ። ጨረስኩት። አምስት ማታ ፈጀብኝ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከምናምን እያልኩ። ሰብታይትሉን ሁለተኛው ቀን ላይ ረሳሁት።

ጉድጓዱን የጠየቅኩት እኔ ነበርኩ። ቁፋሮው ላይ ያ ልጅ እንዴት እንደሚጓጓ አያችሁ? እኔ እንደሱ ጓጉቼ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ስጠይቅ ለቀልድ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣ ሰው ውሃ ወጣ ወይ ብሎ ቢጠይቅ ማንም እንዳይነግረው።